ጅማ ላይ ከቤት የምትሠሩ፣ ቀኑን እንዴት ትይዙታላችሁ?

የቆጪ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከቤት መሥራት ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ትርጉም ነው የምሠራው፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛና ወደ አፋን ኦሮሞ፣ አሠሪዎቼ አዲስ አበባ ናቸው። ሥራውን እወደዋለሁ። ያስቸገረኝ ቀኑ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላፕቶፑን እከፍታለሁ፣ አንድ ገጽ ሳልጨርስ ከጎረቤት "ና ቡና ጠጣ" ይመጣል፣ ቤት መሆኔን እያወቁ መቅረት ይከብዳል፣ አቦል ጠጥቼ ልነሳ ስል ቶናው ተጥዷል፣ በረካ ሳይቀመስ ደግሞ አይወጣም። ስመለስ 5 ሰዓት አልፏል። ከዚያ መብራት ይጠፋል። ባትሪዬ ሁለት ሰዓት እንኳ አይቆይም። ስልክ ስነካካ ይመሻል፣ ሥራውን ሌሊት እጨርሳለሁ።

ሌላም አለ። በቀደም የወንበራችን እግር ወልቆ አባቴ ሲጠግኑት እኔ ቆሜ አየሁ። ከነከነኝ። አንድ የእጅ ሙያ መያዝ እፈልጋለሁ፣ ጊዜው ከየት ይምጣ?

እናት ከሄርማታ፦
ወንድሜ፣ ቡናውን አትተው፣ ሰዓቱን አዙረው። እኔም እንዳንተ ተቸግሬ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤቶቼን እኔው ጠራኋቸው፣ ቆልቼ አፈላሁና "እስከ 9 ሰዓት ቢሮ እንደገባሁ ቁጠሩኝ፣ 10 ሰዓት ላይ ቡናው እኔ ቤት ነው" አልኳቸው። ማንም አልተቀየመኝም። አሁንማ ልጆቹን ራሳቸው "ሥራ ላይ ናት" ብለው ይመልሱልኛል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ስፌት ነው የምማረው። የእናቴ ስንጀር በእግር የሚረገጥ ስለሆነ መብራት አይጠብቅም። ሁለት ወር ሙሉ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ስሰፋ ነበር፣ ባለፈው ሳምንት የልጄን የተማሪ ቤት ሱሪ አሳጠርኩ።

ባለመሮ፦
የኔ ወንድም፣ እኔ እንጨት ሠሪ ነኝ፣ እዚሁ ጅማ። እህታችን ያለችው ትክክል ነው፣ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ሙያ መብራት በጠፋ ቁጥር አይያዝም። መብራት አንድ ሳምንት ካልጠፋ እጅህ የለመደውን ይረሳል። ቀን ቁረጥለት፣ በሳምንት ሁለቴም ይበቃል።

ከእንጨት መጀመር ከፈለግክ በዱካ ጀምር፣ ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ። እግሩ የሚገጠም እንዳይመስልህ፣ መቀመጫውም እግሩም ከአንድ የዋንዛ ግንድ ነው የሚወጣው። ለዚህ ነው ልብ የሚፈልገው፣ አንዴ አብዝተህ ከጠረብክ የሚመለስ ነገር የለም። እርጥብ ሳለ ይጠረባል፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ያወጣኸው እንደሆነ ይሰነጠቃል። በመጀመሪያው ቀን ግን እንጨት አትነካም። መሮ ትስላለህ። ስለቱ የክንድህን ፀጉር ሲላጭ ያኔ እንጨት እሰጥሃለሁ። እኔንም እንዲህ ነው ያስተማሩኝ። ከሐሙስ በቀር በመጣህበት ቀን ደስ ይለኛል፣ ሐሙስ ገበያ ነው።

የቆጪ ልጅ፦
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ለጎረቤታችን ለእትዬ ስለ ቡናው ነገርኳቸው። "እኛ ሥራ የፈታህ መስሎን እኮ ነው የምንጠራህ፣ እንዳይከፋህ ብለን" አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ከሰኞ ጀምሮ ቡናው 10 ሰዓት ሆኗል። ባለመሮ፣ ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ፣ ሱቅህ የት ጋ እንደሆነ በውስጥ መስመር ላክልኝ። የአባቴን አሮጌ መሮ አግኝቻለሁ፣ ዝጓል፣ ይዤው ልምጣ?

ባለመሮ፦
ይዘኸው ና። ዝገቱ ይለቃል።