ለአሸዋማ መሬት የሚሆን ፈሳሽ ማዳበሪያ ጠቁሙኝ (መቂ አካባቢ)

ሽንኩርት አልሚ፦ ሰላም ለሁላችሁ። መቂ ሩብ ሄክታር ተከራይቼ ሽንኩርት ተክያለሁ። አፈሩ አሸዋ ነው፤ ጠዋት ያጠጣሁት ማታ ደርቆ ይጠብቀኛል። ኤንፒኤስም (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበት ማዳበሪያ) ዩሪያም ሰጥቻለሁ፣ ቅጠሉ ግን እየገረጣ ነው። ከውጭ የሚመጣው ቅጠል ላይ የሚረጭ የቅጠል ማዳበሪያ ይሻላል ወይስ እዚሁ የሚዘጋጀው?

የባቱ ልጅ፦ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለው ሱቅ ግዛ። ስድስት ዓመት ደንበኛቸው ነኝ፣ አንድም ቀን አላሳፈሩኝም።

ሽንኩርት አልሚ፦ የትኛውን ነው የምትወስደው?

የባቱ ልጅ፦ እነሱ የሚሰጡኝን።

የጓሮ እናት፦ የእኔ አይድረስባችሁ። አምና ከአንድ ሱቅ ጽሑፍ በሌለው ጀሪካን የተቀዳ ሸጡልኝ። «ለሃያ ሊትር መርጫ ሁለት ክዳን» አሉኝ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ረጨሁት። በሦስተኛው ቀን የቲማቲሜ ቅጠል ከጠርዙ ተቃጠለ። ተመልሼ ብነግራቸው «ፀሐዩ ነው» ብለው ሸኙኝ። የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያ ቲማቲም ነበር የሚወጣው።

ዝዋይ ዳር፦ አይዞሽ እህቴ። የት ነው ሱቁ?

የጓሮ እናት፦ ስም አልጠራም። ጽሑፍ የሌለው ዕቃ አትግዙ፣ ይኸው ነው።

የባቱ ልጅ፦ ከእኛ ሱቅ ብትገዢ አይደርስብሽም ነበር።

ቃሪያ፦ ወንድሜ፣ የምትረጨውን ስሙን እንኳ ሳታውቅ ለሰው ትጠቁማለህ? ልጁ የጠየቀው ማዳበሪያ ነው፣ ሱቅ አይደለም።

አዲስ ገበሬ፦ ቱታ ለሚባለው የቲማቲም ትልስ ምን ይሻላል? ቅጠሉን ውስጥ ለውስጥ ጨረሰብኝ።

ዝዋይ ዳር፦ የተበላውን ቅጠል ለቅመህ ቅበረው፣ ማሳ ዳር አትጣለው። ለማዳበሪያው እኔ የላም ሽንት አንድ እጁን በአስር እጅ ውሃ አቅጥኜ ሥሩ ላይ አፈሳለሁ። ብር አላወጣሁም፣ ጎመኔም አምሮበታል።

የቀድሞ ልማት ሠራተኛ፦ ሽንኩርት አልሚ፣ ከግዢው በፊት ቅጠሉን እይ። የሚገረጣው አሮጌው ነው አዲሱ? አሮጌው ከሆነ የናይትሮጅን እጥረት ሳይሆን አይቀርም። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ አሸዋ ግን አይይዝልህም፣ ውሃ ስታበዛ ከሥሩ በታች ይዞት ይወርዳል። ያንኑ መጠን ከ3 እስከ 4 ጊዜ ከፋፍለህ ስጥ፣ ውሃውንም ጥቂት ጥቂት ቶሎ ቶሎ አጠጣ። ለከርሞ የበሰበሰ ፍግ አስገባበት። የቅጠል ማዳበሪያ፣ የውጭም ይሁን የአገር ውስጥ፣ ይደግፋል እንጂ ሥሩ የሚበላውን አይተካም። የሽንኩርት ቅጠል ደግሞ ቀጥ ያለና ሰም ያለበት ስለሆነ ያለ ማጣበቂያ (ርጩ ቅጠሉን እንዲይዝ የሚቀላቀል ነገር) ፈሳሹ ተንሸራትቶ መሬት ይወርዳል። ውድ ጠርሙስ ሳትገዛ በፊት 100 ግራም ዩሪያ በ20 ሊትር ውሃ አሟሟና ከ11 ሰዓት በኋላ አንድ መደብ ላይ ብቻ ሞክር።

ሽንኩርት አልሚ፦ አሮጌው ነው፣ ከጫፉ ይጀምራል። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ማጣበቂያው ለብቻው ይሸጣል?

የባቱ ልጅ፦ እኛ ሱቅ አለ።

የጓሮ እናት፦ ጋሼ፣ እኔስ የተረፈኝን ግማሽ ጀሪካን ምን ላድርገው?

የቀድሞ ልማት ሠራተኛ፦ ምንነቱ ሳይታወቅ ቦይም ሐይቅም ውስጥ እንዳትደፊው። ልጆች ከማይደርሱበት ቆልፊበትና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አሳዪ። መርጫውንም ደጋግመሽ እጠቢው።