የቤት ገንቢ ኩባንያ አክሲዮን በጣም ርካሽ መሰለኝ፤ ልግዛ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። መኖሪያ ቤት እየሠራ የሚሸጥ አንድ ኩባንያ ላይ ዓይኔን ከጣልኩ ቆየሁ። የአክሲዮኑ ዋጋ የአንድ ዓመት ትርፉን 6 እጥፍ ብቻ ነው፣ የትርፍ ክፍፍሉም አይከፋም። ቤት ደግሞ ሁሌም ይፈለጋል። ከቁጠባዬ ግማሹን ላስገባ ነው፣ ግን እንዲህ ሲረክስ የሆነ ነገር ያመለጠኝ መሰለኝ። የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ።

መልስ 1
ወንድሜ ቆይ፣ ግማሹን እንዳታስገባ። ይሄ ዘርፍ ርካሽ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ገበያው ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው። ትርፉ ስላበጠ ዋጋው ትንሽ ይመስላል፤ የቤት ብድር ወለድ ሲወጣ ገዢው ይሸሻል፣ ትርፉ ይቀልጣል፣ ያ 6 እጥፍ ያልከው 30 ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2006 በኋላ የሆነው ይኸው ነው። ትልቅ ትርፍ ሲያውጁ የነበሩ ገንቢዎች በውድ የገዙትን መሬት ዋጋ መዝገባቸው ላይ እየቀነሱ ኪሳራ ውስጥ ገቡ። እኔ ዋጋውን የማወዳድረው ከተጣራ ሀብቱ (ካለው ንብረት ዕዳው ሲቀነስ ከሚቀረው) ጋር ነው እንጂ ከአንድ ጥሩ ዓመት ትርፍ ጋር አይደለም።

መልስ 2
ከላይ ባለው እስማማለሁ፣ ግን ነገሩ ሁሉ ያለው መሬቱ ላይ ነው። መቼ ተገዛ? በስንት? በብድር ነው ወይስ በራሱ ገንዘብ? ኤንቪአር የሚባለው የአሜሪካ ገንቢ እ.ኤ.አ. በ1992 ለኪሳራ ጥበቃ ፍርድ ቤት ከሄደ በኋላ መሬት ገዝቶ ማከማቸቱን በአብዛኛው ተወ። ለተዘጋጀ ቦታ ቀብድ ያስይዛል፣ ሲፈልግ ይወስደዋል። ገበያ ሲበላሽ የሚያጣው ቀብዱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ሌሎቹ ሲንገዳገዱ እሱ ትርፋማ ሆኖ ያለፈው በዋናነት በዚህ ነው።

መልስ 3
እኔ አንዴ በዚህ ተቃጥያለሁ፣ እህትህ ነኝና ስማኝ። የቤት ገዢዎች የፈረሙትን ውል ብዛት ሪፖርቱ ላይ አይቼ ዘልዬ ገባሁ። ስንቱ እንደተሰረዘ ግን አላየሁም፤ ከሰንጠረዡ ሥር በትንሽ ፊደል ተጽፎ ነበር። ከ10 ፈራሚ 3ቱ ወጥተዋል! ቀብዳቸውን ትተው የሄዱት ወለዱ ከአቅማቸው በላይ ስለሆነባቸው ነው። ሌላው፣ ትርፍ ማለት ጥሬ ገንዘብ አይደለም። እያደገ ያለ ገንቢ ያገኘውን መልሶ መሬት ላይ ያፈሰዋል፣ ስለዚህ ትርፍ እያወጀ ባንክ ያለው ገንዘቡ ሊሟጠጥ ይችላል። ክፍፍሉን በብድር እየከፈለ እንዳይሆን የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱን ገጽ ሳታይ አትግዛ።

ጠያቂው
በጣም አመሰግናለሁ፣ ማታውኑ ሪፖርቱን መልሼ ከፈትኩት። አብዛኛው መሬት የተገዛው ባለፉት 2 ዓመታት፣ ዋጋው ሰማይ በነካበት ሰዓት ነው። ትልቁ ዕዳም በሚቀጥለው ዓመት ይከፈላል ይላል። ለጊዜው ትቼዋለሁ። የስረዛውን ቁጥር ግን ፈልጌ አጣሁት።

መልስ 3
የዓመቱን ብቻ አትይ፣ የየሩብ ዓመቱን ሪፖርት አውጣ። አዲስ የቤት ትዕዛዝ ከሚለው ሰንጠረዥ ሥር ነው የሚያስቀምጡት። ካልጻፉት ለባለአክሲዮኖች ጉዳይ ክፍል ኢሜይል አድርግላቸው፣ እኔ ስጠይቅ መልሰውልኛል።