ክርክር፦ ግሎባላይዜሽንን የሚቃወም ለድሃው ይቆረቆራል ወይስ ይጎዳዋል?

አወያይ፦ ሰላም ልጆች። የዛሬው ርዕስ ትናንት ማታ "ደረቅ እውነት" የሚባሉት አባላችን ጥለውት ከሄዱት አረፍተ ነገር ነው የሚነሳው፣ "ግሎባላይዜሽንን የሚቃወም ሰው ሳያውቀው ድሃው ድሃ ሆኖ እንዲቀር እየታገለ ነው" ብለው ወደ እንቅልፋቸው ሄዱ፣ ግሩፑ ግን እስከ ሌሊት ሲጨቃጨቅ አደረ። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ ይሁን፣ ትናንት ሰባት ስምንት እየቀነስን ተምታቶብን ነበር። ስድብ ያየሁበት ይወጣል።

ንብ፦ እኔ ልጀምር። ጋሼ፣ በአክብሮት ነው ግን ያቺ አረፍተ ነገርዎ ታናድዳለች። ንግድ ይዘጋ ያለ ማነው? በ1999 መጨረሻ የዓለም ንግድ ድርጅት አሜሪካ ሲያትል ከተማ ሊሰበሰብ ሲል አደባባይ የወጣው ሰው እኮ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፣ ገበሬ ነው፣ ተማሪ ነው፣ ከካርቶን የተሠራ የባህር ኤሊ ጀርባ አዝለው የመጡም ነበሩ። ሰው ሳቀባቸው፣ እነሱ ግን ምክንያት ነበራቸው። አሜሪካ ሽሪምፕ የሚጠመድበት መረብ ኤሊዋ የምታመልጥበት ቀዳዳ ከሌለው ሽሪምፑ አይገባም ብላ ሕግ አውጥታ ነበር፣ ድርጅቱ በ1998 በአሜሪካ ላይ ፈረደ። በቃ፣ ንግድ ቀደመ፣ ኤሊ ቀረ። ሰው የወጣው ለዚህ ነው።

ደረቅ እውነት፦ ንቢቱ ልጄ፣ ግማሹን ነገርሽን። ከሳሾቹን ለምን ዘለልሻቸው? ህንድ፣ ማሌዥያ፣ ፓኪስታን፣ ታይላንድ ናቸው እኮ። አሜሪካ ለካሪቢያን አካባቢ አገሮች ሦስት ዓመት መዘጋጃና የቴክኒክ እርዳታ ሰጥታ ለእስያዎቹ አራት ወር ነው የሰጠቻቸው፣ የተፈረደባት በዚህ አድልዎ ነው እንጂ ኤሊ መጠበቅ አይቻልም ያላት የለም። አሠራሯን አስተካክላ ማሌዥያ እንደገና ስትከስ በ2001 አሜሪካ አሸነፈች። እና እዚያ ጎዳና ላይ ኤሊ የለበሱት ልጆች ሳያውቁት የቆሙት ከሀብታሙ አገር ጎን ነው። የኔ አረፍተ ነገር ይሄንኑ ነው የሚለው።

ነጭ ሽንኩርት፦ ኤሊዋ በይግባኝ አሸነፈች በሉኛ ሃሃሃ

ንብ፦ እሺ የ2001ዱን አላውቅም ነበር፣ ተቀብያለሁ። ግን ጋሼ እዚያ ችሎት መንግሥት መንግሥትን ይከሳል። አሳ አጥማጁ መግባት ይችላል? መረቡን የሚጎትተው ሰውዬስ?

ክርና መርፌ፦ እኔ ኤሊውን ትቼ ወደ ሰው ልምጣ። ባንግላዲሽ ራና ፕላዛ፣ ሚያዝያ 2013። ስምንት ፎቅ ነው፣ ታች ባንክና ሱቆች፣ ላይ የልብስ ፋብሪካዎች፣ ከባድ ጄኔሬተር ሳይቀር ፎቅ ላይ ተሰቅሏል። ከመፍረሱ አንድ ቀን በፊት ግድግዳውና ምሰሶው ተሰነጠቀ፣ ሰው ሁሉ አይቶታል። ባንኩ ሠራተኞቹን አስወጣ። ሱቆቹ ተዘጉ። ሰፊዎቹን ግን በነጋታው ግቡ አሏቸው፣ ያልገባ ደሞዙ እንደሚያዝ የተነገረው ሁሉ አለ። ጠዋት መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ትንሽ ቆይቶ ህንጻው ወረደ። 1,134 ሰው ሞተ። አንድ ህንጻ፣ አንድ ስንጥቅ፣ ግን ስንጥቁ ለባንክ ሠራተኛው አደጋ ሆኖ ለሰፊዋ አደጋ ያልሆነው ለምንድነው? ትእዛዙ የመጣው ከውጭ ብራንዶች ነው፣ ቀኑ ተቆርጧል፣ ዕቃው ከዘገየ ፋብሪካው ይቀጣል ወይ በአውሮፕላን በራሱ ወጪ ይልካል፣ ፋብሪካው ጭንቀቱን ሴቶቹ ላይ ይገለብጠዋል። ብራንዱ ሲጠየቅ ደግሞ "እኛ ገዢ ነን፣ ፋብሪካው የኛ አይደለም" ይላል፣ ዋጋ ሲቆርጥ ግን ባለቤት ነው።

ደረቅ እውነት፦ ይሄ ያማል፣ እኔንም ያመኛል። ግን ልጄ ክር፣ ባንግላዲሽ ወደ ውጭ ከምትሸጠው ከመቶው ከሰማንያ በላይ ልብስ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሴቶች መጀመሪያ የራሳቸውን ደሞዝ የጨበጡት እዚያ ነው። ፋብሪካው ይዘጋ ብትያት ማን ያስተዛዝናታል? ከዚያ ደግሞ ወር ሳይሞላ ብራንዶቹ ከሠራተኛ ማህበራት ጋር አኮርድ የሚባለውን የፋብሪካ ደህንነት ስምምነት ፈረሙ፣ ከ1,600 በላይ ፋብሪካ ተፈተሸ። ገበያው ራሱን ያርማል።

ክርና መርፌ፦ ገበያው?? ጋሼ ይሄንንስ አልውጥም። አኮርድ እኮ ልዩ የሆነው ብራንዱን በሕግ ስለሚያስር ነው፣ አልፈጽምም ያለ ይከሰሳል። ከዚያ በፊት የነበረው "የሥነ ምግባር መመሪያ" የሚሉት ወረቀት ነበር፣ ተቆጣጣሪውን የሚከፍለው ራሱ ካምፓኒው። ያ ወረቀት ባለበት ነው ህንጻው የወረደው። ብራንዱ የፈረመውም ማህበራቱ ስለጮሁ፣ ሸማቹም ሱቅ በር ላይ ስለቆመ ነው። ማለትም እርስዎ ድሃ ይጎዳሉ የሚሏቸው ተቃዋሚዎች።

ነጭ ሽንኩርት፦ ጋሼ ይቺ ገባች

የማታ ወፍ፦ ቻይና እስኪነሳ እየጠበቅሁ ነበር፣ ካልተነሳ እኔው ላንሳው። ጋሼ ሁሌም 800 ሚሊዮን ሰው በአርባ ዓመት ከከፋ ድህነት ወጣ ይላሉ፣ ልክ ነው፣ የዓለም ባንክም ይለዋል። ግን በምን መንገድ? ዋሽንግተን ኮንሰንሰስ የሚባለው፣ በ1989 ኢኮኖሚስቱ ጆን ዊሊያምሰን የዘረዘራቸው፣ አገር እንዲያድግ ይህን አድርግ የሚሉ አሥር ነጥቦች አሉ አይደል፣ የመንግሥትን ድርጅት ለግል ሽጥ፣ ገበያ ክፈት፣ ቁጥጥር አንሳ ምናምን። ቻይና ባንኮቿን በመንግሥት እጅ ይዛ፣ የውጭ ገንዘብ የሚገባ የሚወጣበትን በሯን ገርበብ አድርጋ፣ ለሚመጣ ካምፓኒ ቴክኖሎጂህን አካፍል እያለች ነው የገባችው፣ ንግድ ድርጅቱን ራሱ በ2001 መጨረሻ ነው የተቀላቀለችው። በሌላ በኩል ሄይቲን እዩ፣ በ1990ዎቹ የሩዝ ቀረጥ ወደ 3 ከመቶ አውርዱ ተብለው አወረዱ፣ የአሜሪካ ድጎማ የጠገበ ሩዝ ገባ፣ ገበሬው ከሰመ። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ክሊንተን በ2010 አሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርቦ ስህተት ነበር ብሏል። በሩን በልኩ የከፈተው አደገ፣ በሩን ያወለቀው ተራበ። እና "ግሎባላይዜሽን" የምትለዋን ቃል ለሁለቱም አንድ አድርገን ስንጠቀም እየተግባባን አይደለም፣ ግማሽ ጭቅጭቃችን እዚህ ነው ያለው ባይ ነኝ።

ደረቅ እውነት፦ ያም ሆኖ ከዓለም ገበያ ባትገባ አታድግም ነበር።

የማታ ወፍ፦ ማን አትግባ አለ ጋሼ

ንብ፦ ቻይና ከተነሳ ቆሻሻውንም ላንሳ። ፕላስቲክ ቆሻሻ ከሀብታም አገር እየተጫነ ቻይና ይሄድ ነበር፣ በ2018 መጀመሪያ ቻይና በቃኝ ስትል መርከቡ ዞሮ ወደ ማሌዥያ፣ ታይላንድ፣ ቬትናም። ማሌዥያ በ2019 ኮንቴይነሩን እየቆለፈች መመለስ ጀመረች። ሪሳይክል አደረግን ብሎ የሚመዘግበው ላኪው፣ ጭሱን የሚተነፍሰው ተቀባዩ። ዕቃ ድንበር ያልፋል፣ ገንዘብ ያልፋል፣ ቆሻሻ ያልፋል፣ ሰው ሲሆን ነው ቪዛ የሚጠየቀው።

አወያይ፦ ንብ፣ መቃወም ብቻ ሳይሆን ምን ይሁን ትያለሽ? ትናንትም አልመለስሽም።

ንብ፦ እሺ። የኔ ነገር አንድ ነው፣ ፍርድ ቤቱ። ካምፓኒ መንግሥትን የሚከስበት የራሱ ችሎት አለው፣ ዋሽንግተን የዓለም ባንክ ግቢ ውስጥ ያለው ማዕከል አንዱ ነው። ቦሊቪያ ኮቻባምባ የከተማው ውሃ በ1999 የአሜሪካው ቤክቴል ላለበት ካምፓኒ ተሰጠ፣ የአንዳንዱ ቤት ሂሳብ እጥፍ ሆነ፣ በራሳቸው ጉልበት ጉድጓድ የቆፈሩ ሰፈሮች እሱም ሊወሰድብን ነው ብለው ወጡ፣ የ17 ዓመት ልጅ ተገደለ፣ በ2000 ሚያዝያ ኮንትራቱ ተሰረዘ። ካምፓኒው ምን አደረገ? የባለቤትነቱን ወረቀት አስቀድሞ ወደ ኔዘርላንድስ አዙሮት ስለነበር በኔዘርላንድስና በቦሊቪያ የኢንቨስትመንት ስምምነት በኩል ከሰሰ፣ ቢያንስ 25 ሚሊዮን ዶላር። አራት ዓመት ያህል ከተጮኸ በኋላ በ2006 በሁለት ቦሊቪያኖ፣ በአገሩ ገንዘብ፣ አለቀ፣ ሩብ ዶላር ያህል በሉት። ያቺ ሴት፣ ያቺ ራና ፕላዛ የወደቀባት፣ ብራንዱን የምትከስበት እንዲህ ያለ ችሎት አላት? ወንዙስ? እኔ ንግዱን አልጠላም፣ ባለገንዘቡ ብቻ ጠበቃ ያለው ንግድ ነው የምጠላው።

ደረቅ እውነት፦ ይሄኛውን ነጥብ አልክድም። ቢሆንም ኡራጓይን አትርሺ፣ ፊሊፕ ሞሪስ የሲጋራ ፓኮ ላይ 80 ከመቶው ማስጠንቀቂያ ይሁን አላችሁ ብሎ በ2010 ከሰሳት፣ በ2016 ያሸነፈችው ኡራጓይ ናት፣ ወጪም ተከፈላት።

የማታ ወፍ፦ ስድስት ዓመት ጋሼ፣ ለዚያውም ጠበቃ የሚከፍልላት የውጭ ለጋሽ አግኝታ። ያላገኘው አገር ሕጉን ሳያወጣ ይቀራል፣ ያልወጣ ሕግ ደግሞ አይቆጠርም።

ደረቅ እውነት፦ እሺ አረፍተ ነገሬን "የሚቃወም" ከምትል "በሩን የሚዘጋ" ብዬ ላርማት። አሁን ግን በተራዬ ልጠይቅ። ኮቻባምባ ካምፓኒው ከወጣ በኋላ ውሃው ወደ ሕዝብ ድርጅቱ ተመለሰ አይደል፣ በደቡብ በኩል ያሉት ድሃ ሰፈሮች ግን ብዙ ዓመት ቧንቧ ሳያዩ ከቦቴ እየገዙ ቆዩ። ካምፓኒው ወጣ፣ ከዚያስ?

ንብ፦ ይቺ ጥያቄ እኛንም ታማለች ጋሼ። ማባረሩ ላይ ጎበዝ ነን። መልስ አለኝ ብዬ አልዋሽም፣ ሰፈሮቹ ራሳቸው ኮሚቴ አቋቁመው ቱቦ የዘረጉ አሉ፣ ገንዘቡ ግን ከየት ይምጣ የሚለው እንደተንጠለጠለ ነው።

ነጭ ሽንኩርት፦ ከሁለቱ ቦሊቪያኖ ሃሃ

አወያይ፦ ሽንኩርት ተው። ነገ ማታ ከዚሁ ከቧንቧው እንቀጥላለን፣ ክር አንቺ ጀምሪ።