በተመላላሽ ክፍል ብዙ ሳል፣ በመዝገብ ጥቂት የቲቢ ተጠርጣሪ፤ ክፍተቱ የት ነው?

ጤና መኮንን፣ ሐዋሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጤና ጣቢያችን በየቀኑ ብዙ የሚያስለው ሰው ይመጣል፤ የቲቢ ተጠርጣሪዎች መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ግን ጥቂት ነው። ባለሙያዎቹ ሥልጠና ወስደዋል። ሌላ ሥልጠና ከመጠየቃችን በፊት ምን እንይ?

ቲቢ ክፍል ነርስ፦
ሥልጠናውን አቆዩት። ስለ ሳል የሚጠየቀው ጥያቄ ለመርማሪው ክፍል ብቻ ከተተወ፣ ሰልፍ በበዛበት ቀን መጀመሪያ የሚዘለለው እሱ ነው። ትሪያጅ ላይ (ታካሚው መጀመሪያ በሚለይበት ቦታ) ይጠየቅ፦ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ። ኤችአይቪ በደሙ ላለበት ሰው የሳሉ ቀን አይቆጠርም፤ ትናንት የጀመረውም ይመረመራል። «ስንት ቀን ሆነህ?» ሲባል ብዙው ሰው «ትንሽ ነው፣ ብርድ ነው» ይላል። «ከፍቼ ጫምባላላ በፊት ነው በኋላ የጀመረህ?» ብትሉት በትክክል ያስታውሳል።
የአንድ ሳምንት የተመላላሽ መዝገብ አውጡና በሳል የመጡትን ከተጠርጣሪዎች መዝገብ ጋር ስም በስም አመሳክሩ። የትኛው ክፍል፣ በየትኛው ፈረቃ ተጠርጣሪ እንደሚያመልጠው ይታያችኋል።

ላቦራቶሪ ባለሙያ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ግን የተላከውም ይባክናል። ዕቃ ሰጥቶ «አክታ አምጣ» ማለት ብቻውን ምራቅ ነው የሚያመጣው። አፉን በውኃ ይጉመጥመጥ፣ ሁለት ጊዜ በጥልቀት ይተንፍስ፣ ከደረቱ ያስል፤ ይህም ከሰው ራቅ ብሎ ሜዳ ላይ ይሁን። ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ጥሩ ነው፤ ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ባክቴሪያን ዘረመል ለሚፈልገው ማሽን) ቢያንስ 1 ያስፈልጋል። አክታውን የሚያቀጥነው ፈሳሽ (ሪኤጀንቱ) የአክታው 2 እጥፍ ነው፤ በደንብ ተንጦ 15 ደቂቃ ይቆያል። በጥድፊያ ያልቀጠነ አክታ ካርትሪጁ (ናሙናው ተጨምሮበት ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ዕቃ) ውስጥ ግፊት ፈጥሮ ምርመራው ያለ ውጤት ይቋረጣል።
ማይክሮስኮፕ ብቻ ካላችሁ ደግሞ፣ በ1 ሚሊ ሊትር ከ5,000 እስከ 10,000 ባክቴሪያ ካልኖረ አይታይም። ኔጋቲቭ ሲመጣ ሰውየውን አታሰናብቱት።
ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የውጤት መዘግየት ነው። የላከው ሳይመለስለት የሚቀር ባለሙያ ቀስ በቀስ መላክ ይተዋል፤ ይህን ስንፍና ማለት ፍትሐዊ አይደለም። ውጤቱ በደረሰበት ሰዓት ለላከው ሰው የሚደውል ይመደብ።

ጠቅላላ ሐኪም፦
ሥልጠናው ይቆይ በሚለው ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ ሁለት ቦታ ላይ ያስፈልጋል። አንደኛው አንቲባዮቲክ ነው። ለሳል ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ሌቮፍሎክሳሲን የታዘዘለት ታካሚ ለጊዜው ይሻለዋል፤ ቲቢው ግን ይሸፈናል፣ ምርመራው ይዘገያል። ሁለተኛው ሕፃናት ናቸው። አክታ ስለማይወጣቸው ብዙ ጊዜ ሳይጠየቁ ያልፋሉ፤ ሰገራቸው በጂን ኤክስፐርት ሊመረመር ይችላል። ቤት ውስጥ የሚታከም የቲቢ ታማሚ እንዳለ እናቲቱን ጠይቁ፣ የዕድገት መከታተያ ካርዱንም ተመልከቱ።

ጤና መኮንን፣ ሐዋሳ፦
አመሰግናለሁ። ማመሳከሩን ሰኞ እንጀምራለን። የማታ ፈረቃው መዝገብ ለብቻው ቢታይ ይሻላል ወይስ አንድ ላይ?

ቲቢ ክፍል ነርስ፦
ለብቻው። ማታ ላቦራቶሪ ከተዘጋ ዕቃውን ሰጥታችሁ የጠዋት አክታ ይዞ እንዲመጣ አድርጉ፤ ስልክ ቁጥሩን ሳትጽፉ ግን አትልቀቁት።