የደመወዝ እስኬላችን አንድ ነው፤ ታዲያ ሴቶች ሠራተኞች ለምን ያነሰ ያገኛሉ?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የልብስ ማምረቻ ድርጅት በሰው ሀብት ክፍል እሠራለሁ። የዓመቱን የክፍያ መዝገብ በጾታ ለይቼ ስመለከት፣ እስኬሉ ለሁሉም አንድ ሆኖ ሳለ ሴቶች በአማካይ የሚያገኙት ከወንዶች በግልጽ ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። ሥራ አስኪያጃችን ልዩነቱን ለማጥበብ ፈቃደኛ ቢሆኑም «ሕግ አልጣስንም፤ ምኑን እናስተካክል?» ይላሉ። ምን ልበላቸው?

መልስ 1፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ለሴቶች ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት ሰጥቷል፤ እስኬላችሁ ይህን ያሟላ ይመስላል። ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 100 ግን ከዚህ አልፎ እኩል ዋጋ ላለው ሥራ እኩል ክፍያ ይጠይቃል። ስለዚህ ሴቶች የበዙባቸውን የሥራ መደቦች ወንዶች ከበዙባቸው ጋር በሚጠይቁት ዕውቀት፣ ኃላፊነት፣ ድካምና የሥራ ሁኔታ እንደገና መዝኗቸው። ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪና ላይ አቀርቅሮ መዋል ከመጋዘን ሥራ ያነሰ ነጥብ ያገኘው ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ ሰው ከጠፋ፣ ጉድለቱ ከደረጃ ምደባው ነው። አበሎቹንም አትለፏቸው፤ በእኔ እምነት ልዩነቱ በብዛት የሚደበቀው እዚያ ነው። የኃላፊነት አበል፣ የትራንስፖርት አበልና የትርፍ ሰዓት ሥራ በአለቃ ፈቃድ ብቻ የሚታደሉ ከሆነ፣ ሲመሽ ልጅ የሚጠብቃት እናት ሁልጊዜ ይቀርባታል።

መልስ 2፦ የቅጥር አሠራራችሁንም ፈትሹ። የቀድሞ ደመወዝን መጠየቅ ሌላ መሥሪያ ቤት የፈጸመውን በደል ወደ እናንተ ያሻግራል። በማስታወቂያችሁም «ደመወዝ፦ በስምምነት» ከማለት ይልቅ መጠኑን ጻፉ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። በወሊድ ፈቃድ ላይ የቆዩትስ እንዴት ይሁኑ? የሥራ አፈጻጸም ውጤታቸው ስላልተሞላ የዓመቱ ጭማሪ ያልፋቸዋል።

መልስ 3፦ እህቴ፣ ትልቁን ነገር ያነሡት አሁን ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቅዷል፤ በሕግ የተሰጣትን ፈቃድ የወሰደች ሠራተኛ በዚያው ምክንያት ጭማሪ ሊቀርባት አይገባም። በሠራችባቸው ወራት ብቻ ትመዘን፤ እነርሱም ካነሱ ያለፈው ዓመት ውጤቷ ይያዝላት። ያመለጠ ጭማሪ የአንድ ዓመት ጉዳት ብቻ አይደለም፤ ቀጣዮቹ ጭማሪዎች በአነስተኛው ደመወዝ ላይ ስለሚሰሉ እስከ ጡረታ አበሏ ድረስ ይከተላታል። ሠራተኛ ማኅበር ካላችሁም ይህን በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ አስገቡት፤ እንዲህ ከሆነ ሥራ አስኪያጁ ቢቀየሩ እንኳ አሠራሩ ከእሳቸው ጋር አይሄድም።