ክርክር፦ ነጋዴ ሥልጣን ሲይዝ ንግዱን ይተው?

አወያይ፦ የዛሬ መነሻችን የካናዳው ቢል ቫንደር ዛልም ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. በልጅነቱ ከኔዘርላንድ መጣ። አበባና ችግኝ ሸጦ ከበረ። ሰሪ የምትባል ከተማ ከንቲባ፣ ከዚያ ሚኒስትር፣ በ1986 የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር ፕሪሚየር (የክፍለ ሀገሩ መንግሥት መሪ) ሆነ። በ1991 ግን ፋንታሲ ጋርደንስ በሚባለው መናፈሻው ሽያጭ ሰበብ ሥልጣን ለቀቀ። ምን ትላላችሁ?

ነጋዴው፦ በዝቶበታል ባይ ነኝ። ስደተኛ ሆኖ ከባዶ ተነሥቶ ያፈራው ንብረት ነው። ሰው የገዛ ንብረቱን መሸጥ አይችልም? ፍርድ ቤትም በ1992 ነፃ ብሎታል። አለቀ!

ከቫንኩቨር፦ ምኑ ነው ያለቀው? ገዢው ታን ዩ የሚባል የእስያ ቢሊየነር ነው። የመናፈሻው ድርድር እየተካሄደ ሰውዬው ከገንዘብ ሚኒስትሩ ጋር እንዲገናኝ ተደረገ፤ ከንግሥቲቱ እንደራሴ ጋር ምሳም ተበላ። ከዚያ ሌሊት፣ ሆቴል ውስጥ፣ 20 ሺህ ዶላር ጥሬ ገንዘብ በፖስታ ውስጥ ለቫንደር ዛልም ተሰጠ። እስቲ ንገረኝ፣ የሰፈር ደላላ እንኳ ይህን ዝም ብሎ ኪሱ ይከታል?

ነጋዴው፦ እናንተ ሰዎች ደግሞ ፖስታ ስታዩ ጉቦ ነው የሚታያችሁ።

ታዛቢ፦ ጉቦ ነው ያለ የለም። ምርመራውን ቫንደር ዛልም ራሱ ጠይቆ የክፍለ ሀገሩ የጥቅም ግጭት ኮሚሽነር ቴድ ሂዩዝ አጣሩት። ያሉትም የግል ጉዳዩንና የመንግሥት ሥራውን ቀላቅሏል ነው። የጣሰው መመሪያ ደግሞ ራሱ ለሚኒስትሮቹ ያወጣው ነው! ወንጀል አለመሆኑ ሌላ፣ ለወንበሩ መብቃቱ ሌላ።

እቴነሽ፦ እኔን የሚያበሽቀኝ ሌላ ነው። የማኅበራዊ ድጎማ ሚኒስትር ሳለ መሥራት የሚችል ሁሉ አካፋ ያንሣ ይል ነበር። ለድሃው አካፋ፣ ለሱ ፖስታ? እኛም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባልን ስላደግን ይሆናል ቶሎ የምናዝንለት።

ነጋዴው፦ ሕዝቡ ግን ይቅር ብሎታል። ኤችኤስቲ የሚባለውን ቀረጥ በመቃወም ፊርማ ያሰባሰበው ማን ነው? በ2011 ሕዝበ ውሳኔ ቀረጡ ወደቀ።

ከቫንኩቨር፦ ሕዝቡ ቀረጡን ጠላ እንጂ እሱን መቼ መረጠ? በ1999 የማሟያ ምርጫ ሞክሮ ተሸንፏል። ፓርቲው ሶሻል ክሬዲትም በ1986 ያገኘው 47 መቀመጫ በ1991 ወደ 7 ወርዷል። ዋጋውን የከፈሉት የፓርቲው ሰዎች ናቸው።

ነጋዴው፦ እሺ፣ እኔ ነገ ለከተማ ምክር ቤት ብወዳደር ምግብ ቤቴን ልሽጥ?

ታዛቢ፦ አትሽጥ። የምግብ ቤት ፈቃድ ጉዳይ ሲነሣ ግን ከስብሰባው ውጣ።

ነጋዴው፦ ወጥቼ የት ልሂድ?

እቴነሽ፦ ወደ ወጥ ቤትህ ነዋ፤ ባለፈው ሽሮህ ጨው በዝቶበት ነበር።