ከጉንፋን በኋላ እናቴን ማዞር አልለቅ አላቸው

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ጤና ይስጥልኝ። የ58 ዓመት እናቴን ከወር በፊት ሳል ያለበት ብርቱ ጉንፋን አንድ ሳምንት አስተኝቷቸው ነበር። ሳሉ በለቀቃቸው በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከአልጋ ሊነሱ ሲሉ ቤቱ ዞረባቸው፤ ሁለት ቀንም ሲያስመልሳቸው ሰነበተ። ጆሯቸው እንደ ወትሮው ይሰማል። አሁን ማስመለሱ ቢቆምም ግድግዳ ይዘው ነው የሚሄዱት፤ ድንገት ዘወር ሲሉም ይንገዳገዳሉ። ያን ጊዜ የታዘዘላቸውን ፕሮሜታዚን የተባለ የማዞርና የማስመለስ ማስታገሻ ክኒን ዛሬም ይወስዳሉ፤ ከመኝታም ብዙ አይነሱም። ክኒኑ ይቀጥል?

የጤና መኮንን፣ ከመሐል ሜዳ፦
እግዚአብሔር ይማርልዎ። አገላለጽዎ ከውስጥ ጆሮ ወደ አንጎል የሚዛን መልእክት የሚያደርሰው ነርቭ መቆጣቱን ያስጠረጥራል፤ ይህም ብዙ ጊዜ የቫይረስ ሕመምን ተከትሎ ይመጣል። የአንዱ ጆሮ መልእክት ሲዳከም ሁለቱ አይመጣጠኑምና አንጎል ሰውነት የሚሽከረከር ይመስለዋል። የመስማት ችግር ቢጨመርበት ኖሮ የውስጥ ጆሮው ራሱ ተቆጥቷል እንል ነበር። ብርቱው ማዞር በቀናት ውስጥ ይቀላል፤ መንገዳገዱ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። እንዲህ ያለው ክኒን የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ አንጎል ጉድለቱን ለምዶ እንዳያካክስ ያዘገየዋል፤ መተኛቱም እንደዚያው። ስለዚህ ሐኪማቸውን አማክረው ቢያስቆሙላቸው ይሻላል።

ሕመሙ የደረሰባት፣ ከደብረ ሲና፦
እኔን ያዳነኝ እንቅስቃሴ ነው። በርጩማ ላይ ተቀምጬ አውራ ጣቴን ፊት ለፊቴ እዘረጋለሁ፤ ዓይኔን ከጥፍሬ ሳልነቅል ራሴን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አመላልሳለሁ። መጀመሪያ ማዞሩ ይብስብኝ ነበር፤ ሆኖም ሳላቋርጥ በየቀኑ ሦስት ጊዜ ስሠራ እየቀለለኝ ሄደ። እናትዎ ሲሞክሩ ግን ሰው ከአጠገባቸው አይራቅ፤ መውደቅ ከማዞሩ የከፋ ነውና።

ነርስ፣ ከአንኮበር፦
ከሕመም የተነሣ ምግብና ውኃ የቀነሰ ሰውም ሲነሣ ያዞረዋል። ስለዚህ የደም ግፊታቸው ተኝተው፣ ከዚያም ቆመው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይለካ፤ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ምክንያቱ እርሱ ሊሆን ይችላል። አልጋ ላይ ሲገላበጡ ብቻ ለሰከንዶች የሚያዞራቸው ከሆነ ደግሞ በውስጥ ጆሮ ያሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ከቦታቸው ወጥተው ይሆናል፤ ባለሙያ ጭንቅላታቸውን በሥርዓት አዘዋውሮ ቅንጣቶቹን ወደ ቦታቸው ይመልሳል። አንደበት ከተሳሰረ፣ ነገር ለሁለት ከታየ፣ ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ መስማት በድንገት ከጠፋ ግን ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግፊታቸው ተኝተው 130፣ ቆመው 126 ነው። ክኒኑንም ሐኪማቸው አስቁመዋቸዋል፤ ዛሬ ጠዋት በርጩማው ላይ ተቀምጠው አውራ ጣታቸውን ዘርግተዋል፤ እኔም ከጎናቸው ነኝ።